ባለ አንድ መቀመጫው ሞተር

ቡታጅራና አካባቢዋ ከብት ይዞ ሳሌሃን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። የእንስሳት ሐኪም ናት። እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ላም ሆድ ውስጥ የተጣመመ ጥጃ ስታቃና አይቼ አፌን ይዤ ቀርቻለሁ። ችግሯ መንገድ ብቻ ነበር። ስትጠራ የሚያደርሳት ወንድሟ ጀማሉ ነው፤ በራሱ ሞተር፣ ራሱ በፈለገው ሰዓት። ባለፈው ክረምት እሱ ጫቱን እስኪጨርስ ስትጠብቅ፣ እንሴኖ ውስጥ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ያለቻት አንድ ላም ሞተችባት። ሳሌሃ መንዳት የተማረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሞተር ልትገዛ ስትሄድ ጎረቤቷ ነኝና አብሬያት ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ አንድ ዓይነት ሞተር በሁለት መልክ ቆሟል። ሻጩ አንዱን ቱሪንግ፣ ሌላውን ሮድስተር ይለዋል። ቱሪንጉ ንፋስ መከላከያ፣ ግራና ቀኝ ሳጥን፣ ከኋላም መደገፊያ ያለው ሰፊ መቀመጫ አለው። ሮድስተሩ ራቁቱን ነው፤ የሚያስቀምጠውም አንድ ሰው ብቻ።

«ቱሪንጉ ይሻልሻል፤ ሳጥኑ ለመድኃኒትሽ ይሆናል» አላት ጀማሉ። እውነቱን ነው፤ እኔም በልቤ እሱን መርጬ ነበር። ቀጠለና ግን «አንቺ ከኋላ ደገፍ ብለሽ ትቀመጫለሽ፣ እኔ እነዳለሁ» አለ። ደሜ ፈላ። ገንዘቡ የሷ፣ ሹፌሩ እሱ!

ይባስ ብሎ በጠዋት አጎታቸውን ሀጂ ሸረፋን አምጥቶ፣ እሷ ሳትመርጥ ቱሪንጉ ላይ ዱዓ አስደርጎበታል። እኛ ዘንድ ዱዓ የተደረገበትን ትቶ ሌላ ማንሳት ያስፈራል። ጀማሉ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ሳሌሃ እጇን ሮድስተሩ ላይ አሳረፈች። «ይሄን ነው የምወስደው።»

«ዱዓውስ?» አለ ጀማሉ።

ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ሱቁ ውስጥ ወዳሉት ሽማግሌ ዞረች። «ሀጂ፣ ዱዓ ያደረጉት ለብረቱ ነው ለኔ?»

ሀጂ ሸረፋ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «ላንቺ ነው እንጂ ልጄ።»

እኔ ጮቤ ልረግጥ ምንም አልቀረኝም።

«መድኃኒቱን የት ልታደርጊው ነው?» አለ ጀማሉ።

«አዝለዋለሁ።»

«ዝናብ ሲመጣስ?»

«እበሰብሳለሁ።»

«እሺ፣ እኔስ?»

«አንተ የራስህ ሞተር አለህ» አለችው።

በዚያው ቀን ከሰዓት እንሴኖ ላም ምጥ ጠንቶባታል ተብሎ ተደወለላት። ዶፍ ይዘንባል። ማንንም ሳትጠይቅ ሄደች።