ባለቤት የሌለው ደቦ

እልኸኛ ናት ብለው የሚያሙኝ ሁሉ እውነታቸውን ነው። እልኸኛ ባልሆን ኖሮ ያ ግንብ ቤት ፈርሶ የምስለኔው ጎተራ ይሆን ነበር።

ከመካነ ኢየሱስ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬደው መንደራችን ጫፍ ላይ፣ አንድ የጥንት መስፍን ያሠራው ክብ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነበር። ጣሪያው ከወደቀ ቆይቷል። ውስጡ ፍየል ይታሰርበታል፤ ድንጋይ ያጠረው ሁሉ ከግድግዳው እየነቀለ ይወስዳል። ግን ጣሊያን መንደራችንን ባቃጠለ ጊዜ ክረምቱን ጎረቤቱ ሁሉ የተጠለለው እዚያ ከፎቁ ሥር ነው። እኔም የበኩር ልጄን የወለድኩት እዚያው ምድር ቤት ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ የተሾመው ምስለኔ «ባለቤት የሌለው ጠፍ ነው፤ አፍርሼ በድንጋዩ ጎተራ አሠራበታለሁ» ማለቱን ስሰማ ደሜ ፈላ።

የደብሩ አለቃ ከቅዳሴ በኋላ «ጠፍ እንዳይባል ግንቡን ጠግነን እንክደነው፤ ማክሰኞ ሁላችሁም ለደቦ ውጡ» ብለው ተናገሩ። ሕዝቡም እሺ አለ። ማክሰኞ የወጣነው ግን ሦስት ሰዎች ነን። በንዴት በግኜ፣ ቤት በመክደን የታወቁትን ጎረቤቴን ሽማግሌውን በሬ ጠምደው ሲያርሱ ደረስኩባቸው።

«አያ፣ እሺ ብለው ይቀራሉ?»

«የማን ደቦ ብዬ ልምጣ ልጄ? ደቦ ባለቤት አለው። ጠላውን ማን ጠመቀ? ነገ እኔ ስጠራ ማን ይመጣልኛል? የሁሉም የሆነ ደቦ የማንም አይደለም።»

እውነታቸውን ነው፤ ስተን ነበር።

«እንግዲያው ደቦው የኔ ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌው እርፋቸውን ለቀው አዩኝ። «ደቦ የጠራ ቤቱ የኔ ነው ማለቱ ነው እኮ። ምስለኔው ያስርሻል። ርስትሽንም ይነጥቅሻል።»

«ይንጠቀኛ!»

አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ባሌ ሞቷል፤ ልጆቼን የማሳድገው ከአባቴ በወረስኳት አንዲት ማሳ ነው። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የቀረችኝን ገብስ ጠላ ጠመቅሁባትና ከቤት ቤት እየዞርኩ «ደቦዬ ነው፣ ውጡልኝ» አልኩ። አሁን መንደሩ ነቅሎ ወጣ። ወንዶቹ እንጨት ቆርጠው ማገሩ፤ ሴቶቹ ጭቃ አቦካን፤ ቀሳውስቱ ሳይቀሩ ድንጋይ ተሸከሙ። ከግድግዳው የነቀሉትም እያፈሩ መልሰው አመጡ።

ጣሪያው የሚከደን ዕለት፣ ቀትር ላይ፣ የምስለኔው ጭቃ ሹም ሥራውን ሊያስቆም ዳገቱን እያለከለከ ወጣ። ገና አፉን ሳይከፍት አንድ ዋንጫ ጠላ ሰጠሁት። ጨለጠና «ሥራ አቁሙ ተብላችኋል!» አለ።

ሽማግሌው ከጣሪያው ላይ ሆነው «ጌታው፣ የደቦ ጠላ ጠጥተዋል እኮ!» አሉት።

እኛ አገር የደቦ ጠላ የቀመሰ ሰው እጁን ከሥራው ሳያስገባ አይሄድም። ከሄደም ነውሩ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ሹሙ ዙሪያውን ቃኘ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ተክሎበታል። አንድ እስር ሣር አነሣና ወደ ላይ አቀበለ። እልልታው ቀለጠ። እኔም በዚያው ቀን ጓዜን ጠቅልዬ፣ ልጆቼን ይዤ ገባሁበት።

በሳምንቱ ምስለኔው አስጠርቶ ችሎት አቆመኝ።

«በማን ፈቃድ ከደንሽው?»

«ጭቃ ሹምዎ ይጠየቁልኝ፤ ሣሩን ያቀበሉት እሳቸው ናቸው።»

ምስለኔው ወደ ሹሙ ዞረ። ሹሙ መሬት መሬት እያየ «ጠላዋን ጠጥቼባታለሁ ጌታዬ» አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ምስለኔው ግን አልሳቀም። የገበሬ ልጅ ነውና የደቦን ሕግ ያውቃል፤ ሹሙን ሳይቀጣ እኔን መቅጣት እንደማይችልም ገብቶታል። እኔም ዓይኔን ከዓይኑ አላነሣሁም።

«ውጪ ከፊቴ!» ብሎ ጮኸ።

«ከፊትዎ እወጣለሁ ጌታዬ፤ ከቤቱ ግን አልወጣም» አልኩት።

አልወጣሁምም።