ድንኳኑ የተተከለ ዕለት

ሚልክያስ ከገዘር ከተማ ዝቅ ብሎ ከቤቱ ደጅ ባለው የእንሰት ማሳው ላይ የቱሪስት ማደሪያ ድንኳኖች ለማቆም ፈቃድ ከጠየቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሐሳቡ የልጁ የቤቴል ነበር። ጂንካ ሆቴል ስትሠራ ቆይታ ታማ ቤት ከተኛች ወዲህም ወሬዋ ይኸው ነው። እሱም "ስትድኚ እንግዳ ተቀባይዋ አንቺ ነሽ" ይላታል።

በመጨረሻ የወረዳው የመሬት ባለሙያ ቀጠሮ ሰጠው። "የሚይዘውን ቦታ እንድለካ አንድ ድንኳን ተክለህ ጠብቀኝ" አለው። ሚልክያስ ድንኳን ከየት አባቱ ያምጣ? ሚስቱ ጥሩዬ ገበያ እንደወጣች፣ ለለቅሶ ብቻ የሚወጣውን የእድሩን ድንኳን ተውሶ ተከለ።

ባለሙያው ለክቶ "በቃ፣ ፈቃዱ ያልቅልሃል" ሲለው ከዳገቱ ጩኸት ተሰማ። ጥሩዬ ናት። ድንኳኑን ደጇ ላይ አይታ፣ የሸመተችውን ጥላ፣ "ቤቴልዬ! ልጄን! ልጄን!" እያለች ደረቷን እየደቃች ትወርዳለች።

ሚልክያስ ሊያስቆማት ሮጠ፤ ግን ዘግይቷል። ቤቴል ጩኸቱን ሰምታ ወጥታ፣ ግድግዳ ተደግፋ በሩ ላይ ቆማለች። ድንኳኑን አየች፤ እናቷን አየቻት፤ ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

"አባዬ፣ ለካ ሁላችሁም ይህን ቀን ስትጠብቁ ነው የከረማችሁት።"