ፊልም ቤት ገብቼ በራሴ ስቄ ወጣሁ

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ቦይናዬን፣ ጎደሬውን ማለቴ ነው፣ ራሴ ቀቅዬ እበላለሁ፣ እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፤ ይህንንም በአንድ ጣቴ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ዛሬ ልጄ አስቴር እዚሁ ሶዶ ፊልም ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ፊልሙ ላይ አንድ ሽማግሌ ሰፈሩን ሁሉ ሲያስታርቅ ይውላል፤ ከገዛ ጎረቤቱ ጋር ግን በአንዲት ዶሮ ተኳርፎ ሰላምታ የለውም።

እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። "ቁርጥ ጎረቤቴን ዳናን!" ብዬ ጮህኩ።

"አባባ፣ ኧረ ቀስ በል" አለችኝ አስቴር። "ኋላ ያሉት የሰፈራችን ሰዎች የሚስቁት አንተን እያዩ ነው።"

ዞር ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው።

በእኛ ጊዜ ሠርግ ላይ እንዲህ የሚያላግጥብን ሰው ነበር። እሱስ ጠጅ ሲቀዱለት ዝም ይላል፤ ፊልምን በምን ዝም ታሰኘዋለህ?

የዳና ላም እንሰቴን ከበላች አራት ዓመቷ ነው። ሦስቴ ሽማግሌ ላከብኝ፤ ሦስቴም አልታረቅም ብዬ መለስኳቸው።

ነገ እኔ ሽማግሌ አልልክም፣ ራሴው እሄዳለሁ። የአራት ዓመት "ደህና አደርክ" አለብኝ። እናቱ ሲሞቱ ያልደረስኩት ለቅሶ አለብኝ። በድንጋይ ላባረርኳት ላምም አንድ እቅፍ ሣር አለብኝ።

እናንተስ፣ ሌላ ሰው ነው ብላችሁ በራሳችሁ ስቃችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ቀስ ብዬም ቢሆን ራሴው አነበዋለሁ።