የሻሺቱ እጅና ከባዱ ኪቦርድ

የአሳ ዘይት ከኪቦርድ ቁልፍ ላይ በቀላሉ አይለቅም። በነጩ ላይ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ዳጣ ከተቀላቀለበት ደግሞ ቃሪያውና ነጭ ሽንኩርቱ በቁልፎቹ መሃል ገብቶ ይሸታል። ይህን ያወቅሁት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

ሻሺቱ በአርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ስትጫወት የኖረች ሴት ናት። ኑሮዋ በልብስ ስፌት ነው፤ ገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የተወለደችው ኦቾሎ ነው። አባቷ ሸማኔ ስለነበሩ ልጅ ሆና ክር ታጠነጥንላቸው ነበር፤ ጣቶቿ ፈጣን የሆኑት ከዚያ ይመስለኛል። ኪቦርድ ያስተማራት ወደ መንደራቸው ይመላለስ የነበረ አንድ የካምባ ወንጌላዊ ነው። መብራት ስላልነበረ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ ይዞ ይመጣ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጡትና መዝሙሩን ይጨርሱበት ነበር ትላለች።

ቀኝ እጇ የተጎዳው በዚሁ በኪቦርድ ምክንያት ነው። የቤተ ክርስቲያኑን አሮጌ ኪቦርድ ታቅፋ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ሲቀላ ስትወርድ ባጃጁ ተገለበጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃውን ጥሎ ራሱን ያድን ነበር። እሷ ኪቦርዱን ወደ ላይ አንስታ በእጇ አንጓ ላይ ወደቀች። ኪቦርዱ ትንሽ ተጫረ፤ አንጓዋ ግን ወጌሻ ቢያሸውም ጠማማ ሆኖ ገጠመ። ከዚያ በኋላም ትጫወታለች፤ ሲያማት ግን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ትደብቀዋለች። ይህን የምናውቀው አጠገቧ የምንቀመጥ ሴቶች ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሌሎችም አይተዋል።

የአሮጌው ኪቦርድ ድምፅ መቆራረጥ ሲጀምር አዲስ ይገዛ ተባለ። የግዢ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ አዲስ አበባ ሙዝ የሚጭኑት ነጋዴ አቶ አበጋዝ ሆኑ። አንድ ዕቃ ሻጭ ሁለት ኪቦርድ ለሙከራ አመጣ። የአንዱ ቁልፎች ከባድ ናቸው፤ እንደ ፒያኖ በየቁልፉ ሥር ትንሽ መዶሻ መሳይ ነገር ስላለ ጣትን ይገፋል። የሌላው መካከለኛ ነው፤ ከሥሩ ባለ ሽቦ ሞላ ይመለሳል፣ ጥቂት ክብደትም አለው፣ ጣት ግን አያደክምም። እኔ የመዘምራኑን ልብስ ስለማጥብና ስለምተኩስ እዚያው ነበርኩ።

ሻሺቱ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ በነጭ ጨርቅ አደረቀች፣ ከዚያ ሁለቱንም ሞከረች። ሳትታጠብ ቁልፍ ነክታ አታውቅም። ከባዱን ስትነካው ፊቷ በራ። ሁለተኛው መዝሙር መሃል ላይ ግን ቀኝ እጇ ከግራው ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። ከንፈሯን ነክሳ ጨረሰችው።

ኮሚቴው የመጣው ሻጩ ሐይቅ ዳር አሳ ጋብዟቸው ነው። አቶ አበጋዝ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ገቡ። እጃቸውን በሶፍት አበሱ እንጂ አልታጠቡም፤ ዳጣው ጥፍራቸው ሥር ይታያል።

“እሺ እህት ሻሺቱ፣ የቱ ይሻላል?”

“ከባዱ ጥሩ ዕቃ ነው ጋሼ። በቀስታ ሲነኩት በቀስታ፣ ሲጫኑት በኃይል ይመልሳል። ፒያኖ ለሚጫወት ሰው ይሄ ነው። የእኛ መዝሙር ግን ጣት ያስሮጣል። ኦቾሎና ምዕራብ ዓባያ ለአገልግሎት ስንሄድም ተሸክመነው ነው። ለእኛ መካከለኛው ይበቃናል።”

“ይበቃናል አለች!” አቶ አበጋዝ ሳቁ። “ለጌታ ቤት የሚበቃ ነው እንዴ የሚገዛው?” ዘይታም ጣታቸውን ከባዱ ላይ ጫኑት። “ይኸው፣ ስሙት! ክብር ያለው ነገር እንዲህ ነው። ያኛው የልጅ መጫወቻ ነው።”

“ጋሼ ጆሮ አለዎት” አለ ሻጩ።

ሌሎቹም ተራ በተራ እየመጡ ጫኑ። አንደኛው ጣቱን ልሶ ነካው። ልሶ! አንዳቸውም መዝሙር መጫወት አይችሉም።

ጥግ ላይ የቆመው አሞጽ የአቶ አበጋዝ የእህት ልጅ ነው፤ ኪቦርድ ያስተማረችው ሻሺቱ ናት። “አጎቴ፣ እኔም ብሆን መካከለኛውን ነው የምመርጠው” አለ።

“አንተ ደግሞ ዝም በል! ለማን ብለን ነው የምንለፋው?”

ያኔ ነገሩ ገባኝ፤ ወንበሩን ለአሞጽ ሊሰጡት ነው። ሻሺቱን ከወንበሩ ተነሺ ለማለት አፍ አጥተዋል፤ ስለዚህ እጇ የማይችለውን ዕቃ ይገዛሉ። ለእነሱ ኪቦርድ ብላ የተሰበረ እጅ! የአሳው ሽታ ሳይሆን ይሄ ነው የባሰ ያስጠላኝ።

ከባዱ ተገዛ፤ ጨርቅ ለብሶ ሰነበተ። በሳምንቱ እሑድ ዝማሬው ሳይጀመር አቶ አበጋዝ ማይክ ይዘው ቆሙ። “እህታችን ሻሺቱ እጇ ስለደከመ ራሷ ዕረፍት ጠይቃለች። ከእንግዲህ ወንድም አሞጽ ያገለግላል” ብለው አዲስ የኦቾሎ ጋቢ ደረቡላት። ሕዝቡ እልል አለ። አሞጽ አንገቱን ደፋ።

ሻሺቱ ማይኩን ተቀበለች። በሰው ፊት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

“እኔ ዕረፍት አልጠየቅሁም” አለች። “እጅሽ አልቻለም፣ ለአሞጽ ልቀቂለት ብትሉኝ አቅፌው እለቅለት ነበር። አልነገራችሁኝም።”

ማይኩን መለሰችና ወደ አዲሱ ኪቦርድ ሄዳ ጨርቁን ገለጠች። የዚያ ቅዳሜ ቅባት እንዳለ ነው። ጋቢውን ከትከሻዋ አውርዳ በጫፉ ቁልፎቹን ከግራ ጀምራ አንድ በአንድ ጠረገች፤ ሳትቸኩል፣ እንደ ሁልጊዜዋ። ነጩ ጋቢ ላይ ቢጫና ቀይ እድፍ ወጣ።

“ኧረ እህት ሻሺቱ፣ ሰው ፊት!” አሉ አቶ አበጋዝ።

“ጨርሻለሁ ጋሼ።” ጋቢውን አጠፈችው፤ እድፉን ወደ ላይ አድርጋ ወንበራቸው ላይ አኖረችላቸውና ወጣች።

አሮጌውን ኪቦርድ አሞጽ ራሱ ከኮሚቴው ለምኖ፣ ተሸክሞ ቤቷ ድረስ አደረሰላት። አሁን ኦቾሎ እየወጣች በእሱ ታገለግላለች፤ ድምፁ ሲቆራረጥ ሕዝቡ በአፉ ይሞላዋል አሉ።

ጋቢውን አቶ አበጋዝ እንዳጥብላቸው ሰው ላኩብኝ። እኔ ለሰው እንቢ ማለት ይከብደኛል። የዚያን ቀን ግን የመጣበትን ላስቲክ እንኳ ሳልፈታ መለስኩት።

“አጣቢዋ እጇ ስለደከመ ራሷ ዕረፍት ጠይቃለች በልልኝ” አልኩት መልእክተኛውን።