ከበገናው ፊት የተቆረጠው ሃምሳ ሰከንድ

ለደብረ ማርቆስ ከተማ ነዋሪዎች፣ ለአካባቢዋ አርሶ አደሮች፣ ለባጃጅ ሾፌሮች፣ በጠቅላላው ስልክ በኪሱ ለያዘ ፍጡር ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ ከመናኸሪያው በላይ፣ በፀጉር ቤትና በጫማ ሰፊ መካከል፣ ወርዷ ከአንድ አልጋ የማይበልጥ ግዛት ያላቸው፣ የሁለት ኮምፒውተር ጌታ፣ የአንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ባላባት፣ የሚሞሪና የፍላሽ ሁሉ አዛዥ፣ ክቡር እንዳላማው፣ ከዛሬ ጀምሮ መዝሙር ለሕዝበ ክርስቲያኑ በነጻ እንዲታደል ፈቅደዋል። ዘፈን የሚሻ ግን እንደ ቀድሞው አምስት ብሩን ይዞ ይቅረብ።

አዋጁ የተጻፈው በብስኩት ካርቶን ላይ ነበር። እኔ እዚህ እንዳሳመርሁት አይደለም፤ «መዝሙር በነጻ ይጫናል» ብቻ ይላል። የባለቤቱ አንገት ግን ዙፋን ላይ የተቀመጠ ያህል ቀጥ ብሎ ነበር።

እንዳላማው የቁይ አካባቢ ልጅ ነው። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ጣለው፤ እሱ «እኔ ነኝ የጣልሁት» ይላል፤ ሁለቱም ተጣጣሉና ማርቆስ ገባ። በ1999 ዓ.ም. ተስቦ ይዞት ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኛ። እዚያው አልጋ ላይ ተሳለ። ሌላው ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ሻማ ይሳላል፣ አቅም ያለው ሙክት ይሳላል። የእኛ ሰው ግን «ከዳንሁ መዝሙር በገንዘብ አልሸጥም» ብሎ ተሳለ። ለቤተ ክርስቲያን ምንም የማያስገባ፣ ከእሱም ብዙ የማያስወጣ ስለት! ብቻ ዳነ።

ልቀልድበት እችላለሁ፤ ልዋሽበት ግን አልችልም። ስለቱን ጠበቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገጠር ለገበያ የመጣው ሁሉ እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ጋዙን ገዝቶ፣ ስልኩን ይዞ እሱ ደጃፍ ይሰለፋል። ኢንተርኔት ሲመጣ ደግሞ «ለማርቆስ ሰጥቼ ለዓለም ልነፍግ ነው?» አለ። ከዚያ ወዲያ ግማሽ ቀኑ ኢንተርኔት ካፌ ሆነ። አንዱን መዝሙር ለመልቀቅ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፤ ዘጠና ከመቶ ሲደርስ መብራት ይጠፋል፤ ተነሥቶ ያማትባል፤ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ይህን ያህል ትዕግሥት ለፈተናው ቢያውለው ኖሮ ዛሬ ሚኒስትር ነበር።

በእያንዳንዱ መዝሙር መግቢያ ላይ ደግሞ ማኅተሙን ያሳርፋል። መጀመሪያ ትንሽ ጥሩንባ ይነፋል፤ ቀጥሎ የራሱ ድምፅ፣ ጉንፋን እንደያዘው ዜና አንባቢ፣ «ከእንዳላማው ኤሌክትሮኒክስ፣ ደብረ ማርቆስ!» ይላል። ሁሉን በነጻ የሰጠ ሰው ስሙን ቢያስከፍል ምን አለበት፤ እኛም ችለን እንሰማው ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ በአንድ ቅዳሜ፣ የኔታ ይስማው ዐይናቸውን ለመታየት ከደብረ ኤልያስ መጡ። የኔታ አርባ ዓመት ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ያስተማሯቸው በየደብሩ መሪጌታ ሆነዋል፤ እሳቸው ግን ከአንድ ጎጆና ከአንድ በገና በስተቀር ሀብት የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ልጃቸው ሥራነሽ፣ አርባ ዓመት የሚጠጋት ባሏ የሞተባት ሴት፣ በአንድ እጇ አባቷን፣ በሌላው በጋቢ የተጠቀለለውን በገና ይዛ ከሱቁ በር ቆመች።

«በነጻ ይጭናል የሚሉት አንተን ነው?» አሉ የኔታ።

«እኔ ነኝ የኔታ። ምን ልጫንልዎ?»

«እኔ እንኳ ሰጪ ነኝ። የገዛ ግጥሜ፣ የገዛ ዜማዬ፣ ስለ ሞት ቀን የደረስሁት አንድ መዝሙር አለኝ። ከእኔ ጋር አፈር እንዳይገባ ብዬ ነው።»

እንዳላማው ወንበሩን ለቀቀ። «ታዲያ ለድካምዎ ምን ይደረግልዎ?»

«ስሜን አኑርልኝ።»

«ስምዎንማ! መሪጌታ ይስማው ብዬ፣ ከነፎቶዎ ነው የምለቀው።»

«ይስማው የቀበሌ ስሜ ነው፤ እዚያ ላይ ቤት በዚያ አልጠራም። የክርስትና ስሜ ወልደ ሰንበት ነው። ከመዝሙሩ በፊት እኔው እናገረዋለሁ፤ አንተ እንዳለ ተወው።»

«የአርባው ነገር ነው የሚያስጨንቀው» አለች ሥራነሽ፣ አባቷን በዐይኗ እየገሠጸች። «ተዝካሬን ማን ያወጣልኛል ይላል። እኔ ሞቻለሁ? በሬው አለ።»

«ያለሽ አንድ በሬ!» አሉ የኔታ። «እሱን አርደሽ፣ ጎረቤት አፉን ጠርጎ ሲሄድ፣ በምን ልታሳርሺ ነው? ይኸ ዕቃ በየአገሩ ይዞራል ይሉኛል። አንድ ሰው በሰማኝ ቁጥር አንዲት ጸሎት ካለልኝ፣ ከባለጠጋ የሚበልጥ ተዝካር አወጣሁ ማለት ነው።»

ከዚያ በገናውን አቅፈው ማይኩ ፊት ተቀመጡ። «ይህን የምትሰሙ ወገኖቼ» አሉ፣ «ደራሲው ኃጢአተኛው ወልደ ሰንበት ነኝ። ዋጋ አልጠይቃችሁም። በሰማችሁት ቁጥር ‹አቤቱ ወልደ ሰንበትን በመንግሥትህ አስበው› በሉልኝ። ከሞትሁም በኋላ እንደዚሁ በሉልኝ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አንዱን ጅማት ጠበቅ አደረጉ፤ ይህ ሁሉ ሃምሳ ሰከንድ ፈጀ። ከዚያ በገናው ጀመረ። ከፀጉር ቤቱ ግማሽ ጭንቅላቱን የተላጨ ሰው ወጥቶ፣ እስኪያልቅ ድረስ ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ቆሞ አዳመጠ።

አሁን እኛም እንምጣ፤ ሰፊው የማርቆስ ሕዝብ። መዝሙሩን ጭነን ሄድን፤ በሳምንቱ ግን አቤቱታ ይዘን ተመለስን። «ወሬው በዛ!» አልን። የባጃጅ ሾፌሩ ታረቀኝማ አፉ ስለት ነው፤ «አንተ፣ ሽማግሌው ተናግረው እስኪጨርሱ ተሳፋሪዬ ወርዶ ይሄዳል እኮ! ወይ አሳጥራቸው፣ ወይ ባጃጁን አስረዝምልኝ» አለው። በዚያ ላይ እንዳላማው መዝሙሩን ለመልቀቅ ኢንተርኔት ካፌ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ መሐል መንገድ ላይ ተቋረጠበት። እንዳላማው አሰበ። «ጸሎት በልብ ነው» አለ፤ የሰው አደራ ሊበላ የተነሣ ሁሉ ልቡን ነው ምስክር የሚቆጥረው። የፊቱን ሃምሳ ሰከንድ ቆረጠ። ከዚያ፣ እጁ ለምዶ፣ በቦታው ጥሩንባውንና «ከእንዳላማው ኤሌክትሮኒክስ»ን ለጠፈበት። በአራተኛው ሙከራ መቶ ከመቶ ሆነ። እኛም ረጅሙን እያጠፋን አጭሩን አስጫንን።

ተሰራጨ ማለት ያንሰዋል። ባጃጁ እሱን፣ አውቶቡሱ እሱን፣ ለቅሶ ቤቱ እሱን ሆነ። በጾም ወቅት ከደጀን እስከ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ሙሉውን መንገድ የኔታን ሲሰማ ይውላል። ፌስቡክ ላይ «ደራሲው ማነው?» የሚል ጥያቄ ሲበዛ ለእንዳላማው ጨነቀው። ስሙን ቢጽፍ «ሙሉው የታለ?» ሊባል ነው። እናም «የጥንት ነው፤ ደራሲው አይታወቅም» ብሎ ጻፈ። ጥንት ሲሆን ደግሞ ክብሩ ጨመረ፤ የሚቀባበለው ሰው እጥፍ ሆነ። ወዲያው አንድ በራሪ ጽሑፍ እጄ ገባ፤ በራሪ ጽሑፍ አያመልጠኝም፤ «የሦስት መቶ ዓመት ቅርሳችን» ይላል፣ ከነቃለ አጋኖው። የሦስት መቶ ዓመቱ ቅርስ በዚያ ሳምንት ደብረ ኤልያስ ገበያ ላይ ሽንብራ ሲያስመዝኑ ነበር።

ሦስት ዓመት አለፈ። የኔታ ዳግመኛ ለዐይናቸው መጥተው የታረቀኝ ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ጥሩንባው ተነፋ፤ የእንዳላማው ስም ተጠራ፤ ወዲያው የገዛ በገናቸው ጀመረ። እስከ መጨረሻው ሰሙ። «መልሰው እስቲ ልጄ» አሉ። ታረቀኝ መለሰው። እንደገና ሰሙና ወደ ሱቁ እንዲወስዳቸው ለመኑት።

«እንዳላማው» አሉ፣ በሩን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ «ሰማሁት። የእኔ ነገር ግን ፊት የለውም። አላኖርህልኝም እንዴ?»

አሁን እውነቱን ለመናገር ከአንድ ትንፋሽ የሚረዝም ጊዜ አይፈልግም ነበር። ሽማግሌው በሕይወት አሉ፤ በገናቸው አለ፤ ማይኩ አለ። እንደገና ተቀምጠው ቢናገሩት ሃምሳ ሰከንድ ነው። እንዳላማው ግን ታረቀኝ በር ላይ ቆሞ አየ፤ ሁለት ዘፈን አስጫኞችም አሉ፤ አፈረ።

«የታረቀኝ ሚሞሪ ተበላሽቶ ነው የኔታ» አለ። «ቫይረስ ፊቱን በልቶበት ነው። ሌላው ሕዝብ ጋ ሙሉው አለ።»

«በየአገሩ?»

«በየአገሩ። እንዲያውም ‹አቤቱ ወልደ ሰንበትን አስበው› እያሉ ይጽፉልኛል።»

የኔታ ቆባቸውን አወለቁ። እጃቸውን አየር ላይ ሰድደው ራሱን ፈለጉና አገኙት። «ይባርክህ» አሉት። «ነፍሴን አሳረፍኸኝ። አንተንም በቀንህ ያሳርፍህ።» ታረቀኝ በር ላይ ሆኖ ለሚሞሪው ሊሟገት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ዘጋው።

የኔታ አገራቸው ገብተው ለሥራነሽ ኑዛዜ ተናገሩ። ስሞት ፍትሐቱ ይበቃኛል፤ ለአርባዬ በሬውን እንዳትነኪ፤ ሕዝቡ እያዘከረልኝ ነው። በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዐረፉ። ሥራነሽ ቃላቸውን አከበረች። አርባው ጠላ ሳይጠመቅ፣ ድንኳን ሳይተከል አለፈ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ጥቁር ለብሳ፣ በጨርቅ የቋጠረችውን ስልክ ይዛ ሱቁ መጣች።

«እንዴት ከረምሽ እትዬ ሥራነሽ! የኔታስ?»

«ዐረፈ።»

እንዳላማው ተቀመጠ።

«መዝሙሩን ጫንልኝ» አለች። «ያንን ፊት ላይ የሚናገረውን ጭምር። እኛ ሰፈር ያለው ሁሉ ቫይረስ ፊቱን የበላው ነው። ሲያወራ የተቀዳ ሌላ ድምፅ የለኝም።»

የሚጭነው አልነበረውም። ሙሉው የነበረበት ኮምፒውተር ከሁለት ዓመት በፊት ተቃጥሏል፤ የቀረው ዓለም ሁሉ ያለው፣ የተቆረጠው ነው። ያንኑ ጫነላት። እዚያው ቆማ ከፈተችው። ጥሩንባ። ከእንዳላማው ኤሌክትሮኒክስ። በገና።

«ስሙስ?» አለች።

ተናገረ። የዚያን ዕለት ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ሁሉን አንድ በአንድ፣ ስለ ቁራጩም፣ ስለ «ጥንት» ነገሩም፣ ስለ ቫይረሱም ተናገረ። ሥራነሽ አልጮኸችም።

«እና ማንም አላለለትም? አንድ ሰው እንኳ?»

«እትዬ...»

«ጎረቤቱ ‹አባቷን ያለ ተዝካር ጣለችው› ሲለኝ እስቅ ነበር እኮ። እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ ዓለሙ ሁሉ እያዘከረለት ነው እል ነበር። ከአርባው ወዲህ ስስቅ ሰነበትሁ።»

«በሬውን እኔ እገዛለሁ። ለሙት ዓመቱ...»

«በሬ አለኝ» አለች ስልኳን ቋጥራ። «በሬ መቼ አጣሁ።»

ከዚያ በኋላ እንዳላማው ነጻ መዝሙር መልቀቁን ተወና አንዱን መዝሙር ለማረም ተቀመጠ። ጥሩንባውን አወጣ፤ የኔታ ያሉትን ቃል ከትውስታው በገዛ ድምፁ ተናገረው፤ «ደራሲው የኔታ ይስማው፣ በክርስትና ስማቸው ወልደ ሰንበት ናቸው፤ የቆረጥሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጽፎ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ምን አተረፈ? «ሌባ! የአባቶቻችንን ቅርስ ለዘመድህ ልትሰጥ ነው?» አሉት። «ኦሪጅናሉ ይሻላል፤ ወሬ የለውም» አሉት። አንዱ ሊቅ ነኝ ባይ ያንን በራሪ ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ማስረጃ አድርጎ አቀረበበት። ሲሟገቱት የነበረው በገዛ ውሸቱ ነው። አዲሱን የሰማው ሰው መቶ አይሞላም። የተቆረጠው ግን ዛሬም ሳይደክመው ይዞራል፤ የነጻ ነገር ክፋቱ ይህ ነው፤ አንዴ ከእጅ ከወጣ ባለቤቱም ለምኖ አይመልሰውም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ተራ ታገኙታላችሁ። «ወንድሜ፣ ሚሞሪህን አምስት ደቂቃ ስጠኝ፤ አንድ ነገር ልቀይርልህ» እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። አንዳንዱ ይሰጠዋል። አንዳንዱ ቫይረስ ሊጭንብኝ ነው ብሎ ያባርረዋል። ታረቀኝ ብቻ የመጀመሪያው ቀን ሳይጠየቅ አውጥቶ ሰጠው፤ ምንም አልቀለደም።

እኔ በሰው ስሳለቅ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ ሰው ላይ ግን አልስቅም፤ «ወሬው በዛ» ካሉት አንዱ ነበርሁና። አንተ አንባቢ ግን ቀና ብለህ አትፍረድ። መዝሙሩ አንተም ስልክ ላይ ይኖራል፤ ስንት ጾም ሰምተኸዋል፤ አልቅሰህበታልም ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ገንዘብ አይደለም፣ ሼር አድርግም አይደለም። ወደ ኋላ ተመልሰህ ሳታነብ፣ ጣትህን ከወረቀቱ ላይ አንሣና፣ የዚያን ሽማግሌ የክርስትና ስም አሁን ጥራው እስቲ፤ አቤቱ ...