የአክስቴ ጭብጨባና የቻይናው ዘፈን

ይህ ታሪክ ይጻፍ ወይስ ይቅር እያልኩ ብዙ አመንትቻለሁ። የተደባደበ ሰው የለም፣ የታመመም የለም፤ ስለ አንድ ዘፈን የተነሳ ቅሬታ ነው። ያን ሰሞን ግን ተረጋግቼ መቀመጥ አቅቶኝ ነበርና ልሞክረው።

ፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ የገባሁበት የመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። በሙዚቃ ትምህርት ጥንድ ጥንድ ሆነን ሬፈራት፣ ማለትም ክፍል ፊት የሚቀርብ ጥናት፣ እንድናቀርብ ሲነገረን፣ እኔ ሁልጊዜ አጠገቤ ከምትቀመጠው ቻይናዊት ጋር ሆንኩ። የውጭ ሰዎች ስለ ቻይና ዘመናዊ ዘፈን ምን እንደሚሉ ለማቅረብ መረጥን። ርዕሱን ገና ስንናገር አንድ ተማሪ «ከአሜሪካና ከኮሪያ የተቀዳ አይደል እንዴ?» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷ ደብተሯን ዘጋች።

ስንወጣ ላጽናናት ፈለግሁ። ኮሪደር ላይ አንዱን ማዳመጫዋን ሰጥታኝ የምትወደውን ዘፈን ከፈተችልኝ። ዜማው አገር ቤት ስሰማ ካደግሁት ጋር በጣም ተቀራረበብኝ።

«ይሄማ ከማንም አልተቀዳም፤ ቁርጥ የኛን ነው የሚመስለው» አልኳት። ያመሰገንኳት መስሎኝ ነበር።

ማዳመጫዋን ከጆሮዬ ላይ ወሰደች። «ቅድም የአሜሪካ ቅጂ ነበርን። አሁን ደግሞ የእናንተ?»

ከሰዓት በኋላ መልእክት ላከችልኝ፦ ሌላ አብሮሽ የሚሠራ ሰው ብትፈልጊ ይሻላል። ያለ እሷ የማቀርበው ሬፈራት አልነበረኝም። ከዚያ የባሰው ግን በዚያ ሰፊ ክፍል ውስጥ ጓደኛዬ እሷ ብቻ መሆኗ ነው። ባቡር ውስጥ ይቅርታ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ፤ መውረጃዬን አልፌ ተመለስኩ። በመጨረሻ «እሑድ አክስቴ ቤት ምሳ ብዪና ከዚያ ወስኚ» ብዬ ላክሁ። አክስቴን ለምን እንዳመጣኋት እኔም አላውቅም።

መጣች። አክስቴ ከከተማው ዳር፣ ኡንተርሊደርባህ የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ «እስቲ ያጣላችሁን ዘፈን አሰሙኝ» አለች። ትንሹ ልጇ በጀርመንኛ «እማዬ፣ ብቻ አንቺ እንዳትዘፍኚ» ብሎ ለመናት። ዘፈኑ ሲከፈት አክስቴ ጥቂት ሰምታ ማጨብጨብ ጀመረች።

«የኛው ነው እኮ። መንገድ ሊሠሩ መጥተው ዜማችንን ጭነው ሄዱ በሉኛ።»

«ምን አለች?» አለችኝ እንግዳዬ።

«ወደደችው» አልኩ።

ወዲያው ግን ዜማው ያርፋል ባልነው ቦታ ሳያርፍ ሽቅብ ወጣ፤ ምቱም ተቋረጠ። የአክስቴ እጆች ሳይገናኙ አየር ላይ ቀሩ።

«ውይ፣ ወዴት ሄደች ይቺ ዘፋኝ?»

«አሁንስ ምን አለች?»

የሚያስደስታትን ነገር ፈልጌ አጣሁ። የተባለውን ሁሉ እንዳለ ነገርኳት፤ የመንገዱንም ቀልድ ጭምር። ሳቀች። ከዚያ ዘፈኑን ወደ ኋላ መለሰችና «እኔም የምወደው እዚህ ጋ ነው» አለች። አክስቴ እንደገና አጨበጨበች፣ እንደገና ሳተች። «ኧረ ጠብቂኝ፣ አንቺ ልጅ» እያለች ከስልኩ ጋር ትሟገታለች።

አውቶቡስ ስንጠብቅ «እሺ፣ አብረን እናቀርባለን» አለችኝ። «ግን ‹ይመስላል› አትበዪ። የሰማሽውን ብቻ ተናገሪ።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። በልምምድ ጊዜ ግን ሰው ደስ ላሰኝ ባልኩ ቁጥር አፌ ላይ የሚመጣው ያው ቃል ሆነ። እሷ ታቋርጠኛለች፤ እኔ ተነስቼ ክፍሉን እዞራለሁ፤ እንደገና እንጀምራለን።

በማቅረቢያችን ቀን ዘፈኑን አሰማን፣ ዜማው የት ላይ እንደሚታጠፍም አሳየን። ስንጨርስ ፕሮፌሰሩ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ለመሆኑ ለኢትዮጵያዊት ጆሮ ምን ይመስላል?»

ምን ብመልስ ደስ እንደሚላቸው አውቄዋለሁ። እሷ አጠገቤ ቆማ ወለሉን ታያለች።

«ገና አላወቅሁትም» አልኩ። «ከፈቀዱልን አንዴ ብንደግመው።»

ቀና ብላ አላየችኝም፤ ዘፈኑን ግን ከመጀመሪያው ከፈተችው። ዕለቱ ሐሙስ፣ የካቲት አምስት ቀን ነበር።