ጥሬ የማይቀበሉት አያቴ

አያቴን የማስታውሳቸው ጉለሌ፣ ደጃፋችን ላይ ካለው መደብ ተቀምጠው ጥሬ ገብስ ይዞ የመጣውን ሁሉ ሲመልሱ ነው። በአምናው ክረምት የቆላው ወንዝ ሞልቶ መንደሮቹን ጠርጎ ወስዶ ነበርና፣ ለተረፉት ሰዎች ስንቅ የሚያሰባስቡት እሳቸው ነበሩ።

«ቆልታችሁ፣ ፈጭታችሁ አምጡ» ይላሉ። «ጎርፍ ቤቱን የወሰደበት ሰው ወፍጮ የለውም፤ ማገዶውም ርጥብ ነው።»

የመጣውን በሶ ደግሞ ከየስልቻው ቆንጥረው ይቀምሱታል፤ አሮ ከመረረ ይመልሱታል። የሚቀየማቸው ብዙ ነበር፤ ግድም አልነበራቸውም።

ጭነቱ ሊነሳ ሲል በቅሎ ነጂው ጠጋ ብሎ፣ «አባባ፣ ጥሬ ብንጭን ይሻላል። ጥሬ ከሆነ ኬላው ላይ ጣሊያኖቹ የገበያ ነው ብለው ያሳልፉናል። በሶ ካዩ ግን የአርበኛ ስንቅ ነው ይላሉ» አላቸው።

«አውቃለሁ» አሉት። «የራበው ሰው ጥሬ ይዞ ምን ያደርጋል?»

ጭነቱን ተከትለው እሳቸውም ወረዱ። ነጂው ብቻውን ተመልሶ የሆነውን ነገረን። ኬላው ላይ የጣሊያን ወታደሮች ስልቻዎቹን ከፍተው በሶውን ጭቃ ላይ ደፉት፤ አያቴንም እዚያው ገደሏቸው። ሬሳቸውን እንኳ አልሰጡንም።

ዘንድሮ ለሙት ዓመታቸው ጎረቤቱ የአቅሙን ይዞ መጣ። አንዲት ሴትዮ ጥሬ ገብስ በቁና ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ልማድ ሆኖባቸው ወደ መደቡ ዞረው ጠበቁ። እኛም አብረናቸው ጠበቅን።

የሚመልሳቸው ጠፋ።